ስለ ቪዛና ስለ መጀመሪያው የሮማ መንገዳችን

እንግዳ ወደ ሰው ቤት በመጣ ጊዜ ባለቤቱ ሦስት ነገር መጠየቁ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው፤ ይኸውም ከወዴት መጣህ፥ ለምን ጉዳይ መጣህ፥ መቼስ ትመለሳለህ ማለት ነው። የቤቱ ጌታ ቸር ሰው ቢሆን ይህን የሚጠይቀው እግር ካሳጠበና እንጀራ ካቀረበ በኋላ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ቢሆን ግን መዝጊያውን ሳይከፍት ይጠይቃል። በአሁኑ ዘመን ብዙዎቹ መንግሥታት እንደ ጠንቃቃው ሰው ሆነዋልና፥ ወደ አገራቸው ለመግባት የሚሻ መንገደኛ ገና ከቤቱ ሳይነሣ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ ተመርምሮ ከታመነ በኋላ በፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈው ፈቃድ ቪዛ ይባላል።

ፓስፖርትና ቪዛ አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ፓስፖርት የገዛ መንግሥታችን «ይህ ሰው ዜጋዬ ነው» ብሎ የሚመሰክርበት ደብተር ነው፤ ቪዛ ግን የሌላው አገር መንግሥት «ይህ ሰው ወደ ደጄ ቢመጣ እቀበለዋለሁ» የሚልበት ቃል ነው። አንዱ ስለ ማንነታችን፥ ሁለተኛው ስለ ሐሳባችን የሚናገር ስለሆነ፥ ፓስፖርት ያለው ሁሉ ቪዛ ያገኛል ማለት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ይህን የተማርነው ወደ ሮማ ለመሄድ በተዘጋጀንበት ጊዜ ነው፤ የተማርነውም በመልካም ብቻ ሳይሆን በስሕተትም ጭምር ነውና፥ ሌላው ቤተ ሰብ ከእኛ ስሕተት ይጠበቅ ዘንድ ነገሩን እንደሆነው ለመጻፍ ወደድሁ። እዚህ የሚጠቀሰው ዓመትና ወር ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ያድርግልኝ።

ባለቤቴ በትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ናት። ለተማሪዎቿ ስለ አክሱም ሐውልት ስታስተምር ሃያ ዓመት ኖራለች። ሐውልቱ በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ ሮማ የተተከለ፥ በ2005 ደግሞ በሦስት ተከፍሎ በአይሮፕላን የተመለሰ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። እርስዋ ግን ሁልጊዜ «የተመለሰበትን ስፍራ አክሱም ሄጄ አይቻለሁ፤ ተሰዶ የቆመበትንም ስፍራ አንድ ቀን ባይ ትምህርቴ ይሞላልኛል» ትል ነበር። ሁለታችንም ከኢትዮጵያ ውጭ ወጥተን አናውቅም። ገንዘብ ጥቂት በጥቂት አጠራቅመን፥ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ለአያቷ ለመተው ተስማምተን፥ በ2024 መገባደጃ ላይ ለአሥር ቀን ጕብኝት የሚሆን ቪዛ ለመጠየቅ ተነሣን።

ወደ ሮማ የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው የኢጣልያን ቪዛ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። ሉክሰምቡርግ በምትባለው ትንሽ አገር፥ በሞዘል ወንዝ ዳር፥ ሼንገን የምትባል መንደር አለች። በ1985 የቤልጅግ፥ የፈረንሳይ፥ የምዕራብ ጀርመን፥ የሉክሰምቡርግና የሆላንድ መልእክተኞች በዚሁ ወንዝ ላይ በነበረች መርከብ ውስጥ ተሰብስበው፥ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተፈራረሙ። ስምምነቱም በ1995 በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በዚህ ማኅበር ውስጥ ያሉት አገሮች 29 ደርሰዋል። ስለዚህ የአንዱን አገር የአጭር ጊዜ ቪዛ የያዘ ጐብኚ በሁሉም ሊዘዋወር ይችላል። እንግሊዝና አይርላንድ ግን ከማኅበሩ ውጭ ስለሆኑ ለእነርሱ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ስዊስና ኖርዌይ የኤውሮጳ ኅብረት አባል ሳይሆኑ በሼንገን ማኅበር ውስጥ ይገኛሉ።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለየትኛው አገር ነው ቢባል ሕጉ ግልጽ ነው። መንገደኛው የሚሄደው ወደ አንድ አገር ብቻ ከሆነ ለዚያው ያመለክታል፤ ብዙ አገር የሚጐበኝ ከሆነ ዋና ጉዳዩ ላለበት ወይም ብዙ ቀን ለሚቀመጥበት ያመለክታል፤ ቀኑ እኩል ከሆነ ግን መጀመሪያ ለሚገባበት ነው። አንዳንድ ሰው «የእገሌ አገር ቆንስላ ቶሎ ይሰጣል» ሲባል ሰምቶ ወደማይሄድበት አገር ያመለክታል። ይህ ከመነሻው ሐሰት ስለሆነ ሲታወቅ የመንገዱን ሁሉ እምነት ያበላሻል።

የሚጠየቁት ወረቀቶች በመጀመሪያ ሲታዩ ያስፈራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከላይ ከተናገርናቸው ጥያቄዎች ለአንዱ መልስ መሆኑ ከታወቀ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ከወዴት መጣህ ለሚለው ፓስፖርቱ ይመልሳል፤ እርሱም ከአሥር ዓመት ወዲህ የተሰጠ፥ ከኤውሮጳ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፥ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ለምን ጉዳይ መጣህ ለሚለው የጕብኝቱ ዝርዝር፥ የሆቴል ማስያዣ፥ የአይሮፕላን መንገድ ማስያዣ ይመልሳሉ። መቼ ትመለሳለህ ለሚለው ደግሞ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ የፈቃድ ደብዳቤ፥ የጋብቻና የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፥ በአገር ያለ ሥራና ንብረት ይመልሳሉ። ከዚህ በላይ፥ በመንገድ ላይ እንዳይቸገሩ የገንዘብ አቅምን የሚያሳይ የባንክ ሒሳብ መግለጫና፥ ድንገት ቢታመሙ ለሕክምናም ሆነ ወደ አገር ለመመለስ የሚከፍል፥ በማኅበሩ አገሮች ሁሉ የሚሠራ፥ ከ30,000 ዩሮ የማያንስ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

ማመልከቻው ከጕዞው በፊት ከስድስት ወር ሳይቀድም፥ ከ15 ቀንም ሳያንስ መቅረብ አለበት። ውሳኔው እንደ ተራው ሕግ በ15 ቀን የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን የኤውሮጳ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ይህ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፥ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። ስለዚህ እኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አስቀድመን መነሣት ነበረብን። የማመልከቻው ዋጋ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ፥ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። አመልካቹ ራሱ ቀርቦ የአሥር ጣቱን አሻራ ይሰጣል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን ከአሻራ ነጻ ናቸው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። በባንክ ያለን ገንዘብ ለአሥር ቀን የሚበቃ ነበር፤ ብዙ ግን አልነበረም። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል አንድ ደላላ አግኝቶኝ፥ «በዚህ ገንዘብ ማን ያምናችኋል? ከዘመድ ተበደርና አስገባ፥ ወረቀቱ ሲወጣ ትመልሳለህ» አለኝ። እኔም ምክሩን ሰምቼ፥ ማመልከቻው ከመቅረቡ አንድ ሳምንት በፊት፥ ከደመወዛችን ጋራ የማይመጣጠን ብዙ ብር ከወንድሜ ተበድሬ አስገባሁ። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ደላላውም ለሁለታችን የሆቴል ማስያዣ ያለውን ወረቀት አመጣልን፤ እውነተኛ መሆኑን ሳልመረምር ከሌላው ወረቀት ጋራ አያይዤ ሰጠሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ፓስፖርታችን ያለ ቪዛ ተመለሰ። ቪዛ ሲከለከል ምክንያቱ በተራ ቍጥር በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ምልክት ተደርጎበት ይሰጣል። በእኛ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ነበረ፤ አንደኛው ስለ ጕዞው የቀረበው ማስረጃ የሚታመን አይደለም፥ ሁለተኛው ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመመለስ ያላቸው ሐሳብ ያጠራጥራል የሚል ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ፥ «የሚታመን አይደለም ያሉት የትኛውን ነው? እኛ ምን ዋሸን?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ የብድሩንና የሆቴሉን ወረቀት ነገር ሁሉ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም «ሃያ ዓመት ልጆችን እውነት ጻፉ ስል የኖርሁ ሴት፥ ስሜ በሐሰት ወረቀት ላይ ሆኖ በባዕድ መዝገብ ገባ» አለች። የጠፋው 180 ዩሮ ለእኛ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ቃል ከበደኝ። ደላላውን ልወቅሰው አልቻልሁም፤ እርሱ መከረ እንጂ የፈረምሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ቪዛ የተከለከለ ሰው ለዘለዓለም ተከለከለ ማለት አይደለም። በውሳኔው ላይ እንደየአገሩ ሕግ ይግባኝ ለማለት መብት አለው፤ ወይም ጕድለቱን አርሞ እንደገና ለማመልከት ይችላል። የእኛ ጕድለት የራሳችን ስለ ነበረ ይግባኝ አላልንም። ብድሩን ለወንድሜ መለስሁ። በየካቲት 2025 እንደገና ስናመለክት ወረቀቱን ሁሉ ያዘጋጀችው ባለቤቴ ናት። ደመወዛችን በየወሩ የገባበትን፥ ከዚያም በጥቂቱ የተጠራቀመውን ሒሳብ እንዳለ አቀረበች። ሆቴሉን ራስዋ ጽፋ ይዛ ማረጋገጫውን ተቀበለች። የትምህርት ቤቷን የፈቃድ ደብዳቤ፥ የእኔንም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፥ የጋብቻችንንና የልጃችንን የልደት ምስክር ወረቀት አስተርጕማ አያያዘች። በመጨረሻም በአንድ ገጽ ደብዳቤ ፊተኛው ማመልከቻ ለምን እንደ ተበላሸ ሳትሸሽግ ጻፈች። እኔ «ይህን ባንጽፍስ?» ብላት፥ «እነርሱ ያውቁታል፤ የማያውቁት መጸጸታችንን ነው» ብላ መለሰችልኝ።

አርባ ቀን ያህል ከጠበቅን በኋላ ቪዛው ተሰጠን። በዚህም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ልንገራችሁ። በወረቀቱ ላይ ቪዛው የሚያገለግልበት ዘመን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ይጻፋል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ የሚቀመጡበት ቀን ብዛት ይጻፋል። የእኛ ቪዛ የሚያገለግለው ለ25 ቀን ሲሆን፥ የተፈቀደልን መቀመጫ ግን 10 ቀን ብቻ ነበር። አሥራ አምስቱ ቀን መንገዱ ቢዘገይ መነሻውን ለማሸጋሸግ የተሰጠ ነው እንጂ ለመቀመጥ አይደለም። የገቡበት ቀንና የወጡበት ቀንም ሁለቱ ይቈጠራሉ። የመግቢያው ቍጥር አንድ ከሆነ ደግሞ፥ ከማኅበሩ አገሮች አንድ ጊዜ የወጣ ሰው በዚያው ቪዛ ተመልሶ ሊገባ አይችልም። ረጅም ቪዛ ያለው ሰው እንኳ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። በመንገድ ላይ በአንዱ የሼንገን አገር አይሮፕላን ጣቢያ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ብቻ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም የመተላለፊያ ቪዛ ሊጠየቅ ስለሚችል፥ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

በግንቦት 2025 ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነሥተን ስድስት ሰዓት ያህል በርረን በማለዳ ፊዩሚቺኖ ከሚባለው የሮማ አይሮፕላን ጣቢያ ወረድን። ቪዛ ቢኖርም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በድንበር ላይ የተቀመጠው ሹም ነው፤ ስለዚህ የሆቴሉን፥ የኢንሹራንሱንና የመመለሻውን ወረቀት በእጅ መያዝ ይገባል። ሹሙም እነዚያኑ ሦስት የጥንት ጥያቄዎች ጠየቀን። ባለቤቴ የመጣችበትን ጉዳይ ስትነግረው ቀና ብሎ አያት፤ መመለሻችንን ተመልክቶ ማኅተሙን መታልን። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ማኅተሙ ቀስ በቀስ እየቀረ የሚገባውና የሚወጣው ሰው በፎቶግራፍና በአሻራ እንዲመዘገብ ስለ ተጀመረ፥ ከእኛ በኋላ የሚሄዱት ይህን ይጠብቁ። የቀኑ ቈጠራ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም የበለጠ ጥብቅ ይሆናል።

በባቡር ወደ ከተማይቱ ስንገባ ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶው» ይባላል። ባለቤቴ ስሙን አንብባ ቆመች፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ሠራዊት ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነውና። «እኛ ድል የምንለውን እነርሱ ኀዘን ብለው ጽፈውታል፤ ለተማሪዎቼ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ» አለች።

በሁለተኛው ቀን ፖርታ ካፔና ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። ሐውልቱ የነበረበት ይህ ነው። ከፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ በፋሽስት ጊዜ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ሲሆን ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ቁመቱ 24 ሜትር፥ ክብደቱ 160 ቶን የሚያህለው ድንጋይ ከ60 ዓመት በላይ እዚህ ቆሞ ነበር። ኢጣልያ በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገብታ ሳለ፥ የመጨረሻው ክፍል አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፤ እንደገናም የቆመው በ2008 ነው። አሁን በስፍራው መኪና ሲመላለስ ይታያል እንጂ የአክሱም ምልክት የለም። ባለቤቴ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ከዚያም «ያ ጦር ፈቃድ ሳይጠይቅ መጥቶ ሐውልት ወሰደ፤ እኛ ፈቃድ ጠይቀን መጣን፥ ምንም ሳንወስድ እንሄዳለን፤ የሚያኰራው የእኛ አመጣጥ ነው» አለች። የተከለከልንበትን ወረቀት ከተቀበልንበት ቀን ጀምሮ በመካከላችን የነበረው ቅሬታ ያን ጊዜ እንደ ተነሣ ተሰማኝ።

ወደ ቫቲካንም ሄድን። ቫቲካን ራሱን የቻለ መንግሥት ነው፤ ነገር ግን ከሮማ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የሚሻገር ሰው ፓስፖርት አይጠየቅም። የቤተ ክርስቲያኑን 551 ደረጃ ወጥተን ከጕልላቱ ላይ ወደ ኋላ ስንመለከት፥ በቅጥሩ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚገኝበትን የአትክልት ስፍራ አየን። በዚያው ቅጥር ውስጥ በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያ መነኰሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከእነዚያ መነኰሳት ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም አድርገው የመጡ ናቸው። በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት፥ በ1548 እና በ1549 ደግሞ በአባ ተስፋ ጽዮን አድካሚነት የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን የታተሙት በዚህችው በሮማ ነው። የአገራችን ሰው በዚህ ደጅ እንግዳ ሆኖ መቆሙ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ የቀደሙትም ስማቸውን ያቈዩልን በሠሩት ሥራ ነው።

በአሥረኛው ቀን ወጣን። ልጃችን በአይሮፕላን ጣቢያ ከአያቷ ጋራ ቆማ ስትጠብቀን አየኋት፤ «መቼ ትመለሳለህ» ለሚለው ጥያቄ ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው መልስ እርስዋ ነበረች።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ምክሬ አጭር ነው። ሕጉን ከቆንስላው ራሱ ጠይቁ፤ የሚለዋወጥ ነገር ነውና ከዓመት በፊት የሄደ ሰው ቃል አይበቃም። ቪዛ ሳይገኝ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። ወረቀታችሁን በራሳችሁ እጅ አዘጋጁ፤ የምትፈርሙበትንም አንብቡ። ያላችሁ ገንዘብ ጥቂት ከሆነ መንገዱን አሳጥሩ እንጂ ገንዘቡን በብድር አታስረዝሙ። ባልና ሚስትም በዚህ ነገር አንዱ ከሌላው የሚሸሽገው አይኑር። ቪዛ ሊከለከል ይችላል፤ የተከለከለ ሰው ቈይቶ ሊያገኘው ይችላል፤ የታመነ ስም ግን አንድ ጊዜ ከጐደፈ ለማጥራት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በተፈቀደላችሁ ቀን ግቡ፥ በተፈቀደላችሁ ቀን ውጡ፤ በጊዜው የተመለሰ እንግዳ ከኋላው ለሚመጣው ወገኑ ደጁን ከፍቶ ይሄዳልና።